የሀሪኬን ግምቴ የት ላይ ሳተ

ቴክሳስ፣ ሂውስተን ከመጣሁ ወዲህ በየዓመቱ ሜይ ላይ ደብተሬን አወጣለሁ። የአትላንቲክ ውቅያኖስ የሀሪኬን (የኃይለኛ አውሎ ነፋስ) ወቅት ከጁን 1 እስከ ኖቬምበር 30 ነው። ከመጀመሩ በፊት የራሴን ግምት ጽፌ ቀኑን አሰፍርበታለሁ። የአየር ጠባይ ባለሙያ አይደለሁም፤ ነገሩን ግን ከልቤ እወደዋለሁ።

ሁለት ነገር አያለሁ። አንዱ ከአፍሪካ ጠረፍ እስከ ካሪቢያን ያለው ባሕር ምን ያህል እንደሞቀ ነው። ሌላው ኤልኒኖ ነው፤ የፓስፊክ ውቅያኖስ ውሃ ከወትሮው የሚሞቅበት ጊዜ። እኛ አገር ኤልኒኖ ሲባል ትዝ የሚለን ዝናብ የከዳው ክረምት ነው። አትላንቲክ ላይ ግን የላይኛውን ነፋስ ያበረታና አውሎ ነፋሱን ገና ሳይጠና ይበታትነዋል። ላኒና፣ ማለትም ያው ውሃ ከወትሮው ሲቀዘቅዝ፣ ነገሩ ይገለበጣል።

በ2024 ባሕሩ ከወትሮው እጅግ ሞቆ ነበር። ላኒናም ይመጣል ተብሏል። በአማካይ በዓመት 14 አውሎ ነፋሶች ስም ይወጣላቸዋል፤ ከነሱ 7ቱ በርትተው ሀሪኬን ይሆናሉ። እኔ 24 እና 12 ብዬ ጻፍኩ።

ኦገስት መጨረሻ ላይ፣ ወቅቱ በሚጋጋልበት ሰዓት፣ ባሕሩ ጭጭ አለ። ከአፍሪካ የሚነሱት የነጎድጓድ ሞገዶች ያን ሰሞን ወደ ሰሜን አብዝተው ወጥተው ደረቅ አየር ውስጥ ገቡ። ስለነሱ አጥብቄ ማንበብ የጀመርኩት ያኔ ነው። ለካ አንዳንዶቹ የሚነሱት ከኢትዮጵያ ደጋ ነው! የ2000ውን ሀሪኬን አልቤርቶን ተመራማሪዎች መነሻውን ተከትለው እዚያ ድረስ ወስደውታል። አሁን እማዬ ከደብረ ታቦር ደውላ «ሰማዩ ሲያጓራ ዋለ» ስትለኝ የሳተላይት ምስል እከፍታለሁ።

ወቅቱ በ18 አውሎ ነፋስና በ11 ሀሪኬን አለቀ። የሀሪኬኑ ተቀራርቧል፤ የስሞቹ በ6 ሳተ። ከዚያ ወዲህ አንድ ቁጥር አልጽፍም፤ ከዚህ እስከዚህ እላለሁ፣ ምክንያቱንም ከጎኑ አሰፍራለሁ።

የበለጠ ያስተማረኝ ግን በዚያው ዓመት የመጣው ሀሪኬን ቤሪል ነው። ጁላይ 8 ቴክሳስ ሲገባ ካተጎሪ 1 ብቻ፣ ማለትም ከሀሪኬን ደረጃዎች ዝቅተኛው፣ ነበር። ከ2 ሚሊዮን በላይ ደንበኞች መብራት አጡ፤ እኛ ቤት 6 ቀን ጠፋ። በሦስተኛው ቀን ጎረቤታችን ያሉት አዛውንት ኢንሱሊናቸውን በፌስታል ይዘው በሬን አንኳኩ። «ልጄ፣ በረዶ አለህ?» አሉኝ። አልነበረኝም።

1992 ጭር ያለ ወቅት ነበር። የመጀመሪያው ስም የወጣው ኦገስት አጋማሽ ላይ ነው፤ እሱም አንድሩ ነበር፣ ደቡብ ፍሎሪዳን ያፈራረሰው። የአውሎ ነፋሶቹ ቁጥር አንዱ የት እንደሚያርፍ አይነግርም።

አሁን ከግምቱ ፊት ለፊት ያለው ገጽ ላይ ውሃ፣ ባትሪ፣ የበረዶ ሣጥንና የአዛውንቱ ስልክ ተጽፏል። መጀመሪያ የምሞላው ያንን ገጽ ነው።