ተቅማጥ የያዘው ልጅ ለምን በረጅሙ ይተነፍሳል?

ከኮምቦልቻ ተነስቶ ሐረጎን ወጥቶ ደሴ የገባ ሰው፣ ሳይታወቀው ትንፋሹ ይጨምራል። ወደ 600 ሜትር ስለወጣ አየሩ ሳስቶበታል። ትንፋሹ ሲጨምር ካርቦን ዳይኦክሳይድ በብዛት ይወጣል፤ እሱ ደግሞ ደም ውስጥ አሲድ የሚሆን ነገር ስለሆነ የደሙ አሲድ ይቀንሳል። ኩላሊት አሲድ የሚያረክሰውን ባይካርቦኔት በሽንት እያስወጣ በቀናት ውስጥ ያስተካክለዋል። ሳንባ በደቂቃ፣ ኩላሊት በቀናት እየሠሩ የደም ፒኤች (የአሲድነት መለኪያው) ከ7.35 እስከ 7.45 እንዲቆይ ያደርጋሉ።

ተቅማጥ ላይ ነገሩ ይገለበጣል። የአንጀት ፈሳሽ ባይካርቦኔት ስላለበት ልጁ ባስቀመጠው ቁጥር አሲድ ማርከሻውን ያጣል። ውሃው ሲጎድል ደግሞ ኩላሊት በቂ ደም ስለማያገኝ አሲድ ማስወገድ ያቅተዋል። የቀረው ሳንባ ነው፤ ስለዚህ ልጁ በጥልቀትና በፍጥነት ይተነፍሳል። ይሄን አይቶ «ብርድ መትቶት ነው» ብሎ ሸፋፍኖ ማስተኛት ልጁን ያሳጣል። ሳል ሳይኖር ትንፋሹ ከረዘመ፣ ዓይኑ ከጎደጎደ፣ የሆዱ ቆዳ ተቆንጥጦ ሲለቀቅ ቶሎ ካልተመለሰ፣ ከፈዘዘ ወይም መጠጣት ካቃተው በዚያችው ሰዓት ጤና ጣቢያ ይወሰድ። እዚያ የሚሰቀልለትን ሰው ሁሉ «ጉሉኮስ» ይለዋል፤ ለዚህ የሚመረጠው ግን ሪንገር ላክቴት የሚባለው ጨውና ላክቴት ያለበት ፈሳሽ ነው። ላክቴቱን ጉበት ወደ ባይካርቦኔት ይቀይረዋል።

እዚያ ሳይደርስ የሚያድነው ኦአርኤስ፣ በውሃ ተበጥብጦ የሚጠጣው ዱቄት ነው። ለአንድ ሊትር የሚሆነው ፓኬት ውስጥ 2.9 ግራም ሲትሬት አለ፤ ሰውነት እሱንም ወደ ባይካርቦኔት ይለውጠዋል። ቤት ውስጥ የሚበጠበጥ ስኳርና ጨው ይሄ የለውም።

ስህተቱ የሚበዛው አበጣበጡ ላይ ነው። ፓኬቱ ሙሉውን በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ ይበጠበጣል፤ መለኪያ ከሌለ በግማሽ ሊትር ሃይላንድ ሁለት ሙሉ። በአንድ ብርጭቆ ከተበጠበጠ ጨውና ስኳሩ በዝቶ ውሃን ከሰውነት ወደ አንጀት ይስባል፤ ተቅማጡም ይብሳል። ከ2 ዓመት በታች ላለ ልጅ ባስቀመጠው ቁጥር ከ50 እስከ 100 ሚሊ ሊትር፣ ከዚያ በላይ ላለው ከ100 እስከ 200 በማንኪያ ወይም በስኒ ይሰጠዋል። ካስታወከው 10 ደቂቃ ቆይቶ፣ ቀስ እያሉ እንደገና። ጡት አይቋረጥ። ከ24 ሰዓት ያለፈው ይደፋና አዲስ ይበጥበጥ።