የሬዲዮ ዜና ሳዘጋጅ ማንም አስቀድሞ ያልነገረኝ
በሬዲዮ የዜና ክፍል ተረኛ አዘጋጅ ሆኜ ስመደብ የተሰጠኝ ሥልጠና የጋዜጣ ሥልጠና ነበር። የዜናው የመጀመሪያ ዓረፍተ ነገር ማን፣ ምን፣ መቼ፣ የት፣ ለምንና እንዴት ለሚሉት ጥያቄዎች በሙሉ መልስ መስጠት አለበት ተብለን ተምረናል። ይህ ለሚነበብ ዜና ይሠራ ይሆናል፤ ለሚደመጥ ዜና ግን ጉዳቱ እንደሚያመዝን ዛሬ በሙሉ ልብ እናገራለሁ። አንባቢ ያልገባውን መስመር ተመልሶ ያነበዋል፤ አድማጭ ግን ልብስ እያጠበ ወይም መኪና እየነዳ አንድ ጊዜ ብቻ ይሰማል፤ ያመለጠውም አመለጠው።

የዘወትሩ ሥራ ያን ያህል የሚያስጨንቅ አይደለም። ከዜና ወኪሎችና ከዘጋቢዎች የመጣውን መሰብሰብ፣ የሚያጠራጥረውን ከሌላ ምንጭ ማጣራት፣ ቅደም ተከተል ማውጣት፣ ከቅጂው ውስጥ ጥርት ያለውን ድምፅ ቆርጦ ማስገባት ነው። አርዕስተ ዜናው ቀድሞ ቢነበብም የሚጻፈው በመጨረሻ ነው። ርዝመትን በተመለከተ በእንግሊዝኛ የተዘጋጁ መመሪያዎች በሴኮንድ ሦስት ቃል አስሉ ይላሉ፤ የአማርኛ ግሥ ባለቤቱንም ተሳቢውንም በአንድ ቃል ስለሚይዝ ይህ ስሌት ለእኛ አይሆንም። እኔ የማምነው ድምፅ አውጥቶ እያነበቡ በሰዓት መለካትን ነው፤ ምላስ የሚያደናቅፈው ዓረፍተ ነገርም በዚያው ይጋለጣል። «ይመታል» ሲላላ ስለ መቺው፣ ሲጠብቅ ስለ ተመቺው ስለሚናገርና ፊደሉም ስለማይለየው፣ በሚጠብቀው ላይ በእርሳስ ምልክት አድርጉ፤ ዜና አንባቢ በቀጥታ ሥርጭት ላይ ቆሞ የሚያስብበት ጊዜ የለውም።

እስካሁን የሚያንገበግበኝ ግን አንድ የማስጠንቀቂያ መግለጫ ነው። አንድ የሕፃናት የሳል ሽሮፕ ከገበያ እንዲሰበሰብ ተወስኖ፣ ጉዳዩ የሚመለከተው መሥሪያ ቤት መግለጫ ላከልን። መግለጫው የሚጀምረው በኃላፊው ሙሉ ማዕረግ ነው፤ ቀጥሎ የተናገሩበት የምክክር መድረክ ዓላማ፣ ከዚያም መሥሪያ ቤቱ የኅብረተሰቡን ጤና ለመጠበቅ የሚያደርገው ዘርፈ ብዙ ጥረት ተዘርዝሯል። የሽሮፑ ስምና የምርት መለያ ቁጥሩ የተጠቀሰው በሁለተኛው ገጽ ግርጌ ነበር። አሳጥሬ፣ ሽሮፑን አስቀድሜ ጻፍኩትና ለማረጋገጥ ደወልኩ። የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊው ከጸደቀው ጽሑፍ ነጠላ ሰረዝ እንኳ እንዳይነካ አሉኝ። የእኛም አለቃ የመሥሪያ ቤት መግለጫ በጸደቀበት መልኩ ይነበብ የሚል ልማድ ስለነበራቸው፣ በቀትሩ ዜና ላይ እንዳለ ተነበበ።

ዜናው ሳያልቅ ስልኮቹ ይጮኹ ጀመር። ሁሉም የሚጠይቁት አንድ ነገር ነው፤ የትኛው ሽሮፕ ነው? ከደዋዮቹ አንዷ እናት ጠርሙሱን በእጇ ይዛ፣ ከሥሩ የተጻፈውን ደቃቅ ቁጥር እየቆጠረች ስታነብልኝ፣ እኔም እየተከተልኩ ከመግለጫው ጋር አመሳከርኩት፤ ያው ራሱ ነበር። ልጁ ጠጥቶ እንደሆነ ጠየቅኋት። ገና አልከፈትኩትም አለችኝ። ይህች ሴት መልሱን ያገኘችው ስልኩ ስለተነሣላት ነው፤ መስመሩ ተይዞ ስላልገባላቸው ሌሎች ወላጆች ሳስብ ያ ንዴት ዛሬም አልበረደልኝም።

ለሚቀጥለው ሰዓት ዜናውን እንደገና ጻፍኩት፤ በዚያ ጽሑፍ እስከ ዛሬ እኮራለሁ። መጀመሪያ፣ ሕፃናት የሚወስዱት አንድ የሳል ሽሮፕ ለጤና አደገኛ ሆኖ ስለተገኘ ከገበያ እየተሰበሰበ ነው። ቀጥሎ ስሙ፤ ከስሙ በኋላ፣ ሽሮፑ በቤታችሁ ካለ ለልጅ አትስጡ፣ መለያ ቁጥሩን በመጨረሻ ስለምንናገር ወረቀትና እስክሪብቶ አዘጋጁ። ከዚያ ማን እንደወሰነና ለምን እንደወሰነ፣ ጠርሙሱ ወደ ተገዛበት መድኃኒት ቤት እንዲመለስ፤ በስተመጨረሻ ቁጥሩ፣ ፊደሉና አኃዙ ተለይቶ፣ በዝግታ፣ ሁለት ጊዜ። ቁጥር ለጆሮ ከባድ ስለሆነ ሌላውን ሁሉ አጠጋግቼ ነው የማስነብበው፤ 48,763 ሰዎች ከማለት 49 ሺህ ያህል ሰዎች ማለት ይሻላል። የመድኃኒት መለያ ግን አይጠጋጋም፤ ስለዚህ አድማጩ እንዲዘጋጅ ጊዜ መስጠት ግድ ነው።

በማግስቱ የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊው የአለቃቸው ስም ወደ አራተኛው ዓረፍተ ነገር በመውረዱ የይቅርታ ደብዳቤ እንድንጽፍ ጠየቁ። ቁጥሩ ተሳስቶ እንደሆነ፣ ትርጉሙ ተዛብቶ እንደሆነ ጠየቅኋቸው፤ አልተዛባም፣ የአቀራረብ ጉዳይ ነው አሉ። ተናጋሪውን አስቀድሙ የሚለው የሬዲዮ ሕግ መልካም ሕግ መሆኑን እኔም አልክድም። በተለይ በአማርኛ «ሲል ገለጸ» መጨረሻ ላይ ሲመጣ፣ አድማጩ የአንድን ወገን ክስ እስከዚያ ድረስ እንደ ተረጋገጠ እውነት ሲሰማው ይቆያል። አከራካሪ በሆነ ነገር ሁሉ ተናጋሪውን አስቀድሙ። የሰው ሕይወት የሚነካ፣ የተረጋገጠ ማስጠንቀቂያ ሲሆን ግን አደጋውን አስቀድሙ፤ ማዕረግ ይጠብቃል።

የዜና ዕወጃ በመሥሪያ ቤቶች ወረቀት የሚሞላ ነገርም አይደለም። ቢቢሲ እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 18 ቀን 1930 ዛሬ ዜና የለም ብሎ የቀረውን ጊዜ በፒያኖ ሙዚቃ ሸፍኖታል። እንዲህ ያለ ድፍረት ያለው ክፍል፣ ዜና ባነሰበት ቀን የመድረክ ንግግር ከሚደረድር ክፍል ይልቅ አድማጩን ያከብራል ባይ ነኝ።

ደብዳቤውን አልጻፍኩም። ከብዙ ክርክር በኋላ ማስጠንቀቂያ የሚጻፈው በዜና ክፍሉ እንዲሆን፣ መሥሪያ ቤቶች የሚያረጋግጡትም ስሙን፣ ቁጥሩንና የአደጋውን ዓይነት ብቻ እንዲሆን በጣቢያችን ተወሰነ። አዲስ አዘጋጅ የሆናችሁ ይህን ስምምነት ማስጠንቀቂያው ሳይመጣ በጽሑፍ ያዙ፤ ዜና ሊነበብ አምስት ደቂቃ ሲቀረው ደፍሮ የሚወስን አለቃ አታገኙም። በየመሥሪያ ቤቱ ከሥራ ሰዓት ውጭ ስልክ አንሥቶ ቁጥር የሚያረጋግጥላችሁ ባለሙያም አስቀድማችሁ ለዩ፤ እሱም የሕዝብ ግንኙነቱ ሳይሆን ጉዳዩን በእጁ የያዘው ይሁን።