ስልክ ሙሉ ማስታወቂያ

ዛሬ ደብረ ማርቆስ አንድ ፎቶ ኮፒ ቤት ወረፋ ስጠብቅ አጠገቤ አንዲት ሴት የዲግሪ ማመልከቻ ፎርም ትሞላለች። የወረዳ ገንዘብ ያዥ ናት። በዲፕሎማ ለዓመታት ሠርታ አሁን በማታው ልትማር ነው። «የትምህርት መስክ» የሚለው ላይ ስትደርስ እስክሪብቶዋ ቆመ።

ኮፒ የሚያነሳው ልጅ «እትዬ፣ ማኔጅመንት በይው በቃ። ቀላል ነው» አላት።

ስልኳን አወጣች። የልጆቿን ፎቶ ልታሳየን መስሎኝ ነበር። ጋለሪው ሙሉ ክፍት የሥራ ቦታ ማስታወቂያ! ከየመሥሪያ ቤቱ ሰሌዳ ላይ ያነሳቻቸው ናቸው። አንዱን ዝናብ አበላሽቶታል፣ አንዱ ላይ የራሷ አውራ ጣት ገብቷል። «ተፈላጊ ችሎታ» የሚለውን መስመር እያሰፋች፣ «እየው፣ እኔ የምፈልገው መደብ አካውንቲንግ ነው የሚለው። ታዲያ ቀላሉን ተምሬ የት ልገባበት ነው?» አለችው።

ልጁ ሳቀ። መልስ ግን አልነበረውም።

ስንቱ ነው ጓደኛው ስለተመዘገበ ብቻ የሚመዘገበው! ከ2015 ወዲህ ደግሞ የመውጫ ፈተና አለ፤ 50 ከመቶ ያላመጣ ዲግሪውን አያገኝም። ያኔ «ቀላል» የሚባል ነገር የለም። የግል ኮሌጅ የምታስቡም ብትሆኑ የኮሌጁ ስም ብቻ አይሸውዳችሁ። የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ዕውቅና የሚሰጠው ለየፕሮግራሙና ለየካምፓሱ ነው። ከመክፈላችሁ በፊት ወረቀቱን አሳዩኝ በሉ። ቅር የሚለው ካለ፣ ይበለው።