ከጦር ሜዳ ወደ ኮሌጅ የመጡትን ሳደምጥ

ሜሪላንድ ውስጥ ባለ አንድ ኮሌጅ መንፈሳዊ አማካሪ ነኝ፤ እዚህ ቻፕሊን ይሉናል። የቀድሞ ወታደሮች ወደ እኔ ሲመጡ «ጨንቆኛል» አይሉም። ሰበባቸው አብዛኛውን ጊዜ የትምህርት ክፍያ ነው። ከመስከረም 11ዱ ጥቃት በኋላ ላገለገሉት መንግሥት እስከ 36 ወር ያስተምራል። ክፍያው ሲዘገይ ይመጣሉ፤ ሌላው ጉዳይ ከዚያ ቀስ እያለ ይወጣል።

ስለዚህ ቢሮዬ ከቬተራኖች፣ ማለትም ከቀድሞ ወታደሮች፣ ጉዳይ ክፍል አጠገብ እንዲሆን ጠየቅሁ። ቡና አዘጋጀሁ። ወንበሩንም በሩ እንዲታይ አድርጌ አዞርኩት፤ ብዙዎቹ ጀርባቸውን ለበር ሰጥተው መቀመጥ አይሆንላቸውም። «ሰው ገድለህ ታውቃለህ?» እያሉ የሚጠይቋቸው የክፍል ጓደኞች አሉ። እኔ እሱን አልጠይቅም።

አፍጋኒስታን የዘመተ አንድ ተማሪ ነበር። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2021 ካቡል ስትያዝ አብሮት የሠራ አስተርጓሚ እዚያው ቀረ። ስልኩን አውጥቶ የሰውየውን የመጨረሻ መልእክት አሳየኝ። «እግዚአብሔር ይሄን ይቅር ይላል?» አለኝ። ቶሎ «አዎ» ማለት ይቀናል፤ ግን ያ መልስ የልጁን አፍ ይዘጋዋል። «እስቲ ስለ እሱ ንገረኝ» አልኩት። ስለ ሰውየው ቀልድ፣ ስለ ልጆቹ፣ አብረው ስለጠጡት ሻይ ሲያወራ ቆየ።

ባለሙያዎች የኅሊና ቁስል የሚሉት ይህንን ነው። ከፒቲኤስዲ፣ ማለትም ከአስደንጋጭ ክስተት በኋላ ከሚመጣ የአእምሮ ጭንቀት ሕመም፣ ጋር ሊደራረብ ይችላል፤ አንድ ግን አይደለም። የዚህኛው ሥሩ ጸጸት፣ እፍረትና የመከዳት ስሜት ነው። የንስሐ አባት ባለበት ቤት ማደጌ እዚህ ላይ በጣም ጠቅሞኛል። ሰው የውስጡን ሲተነፍስ አለማቋረጥን ያየሁት እዚያ ነው።

ሐኪም ግን አይደለሁም። እንቅልፍ ያጣውን፣ መጠጥ የበዛበትን ወደ ቬት ሴንተር እልካለሁ፤ እነዚህ እ.ኤ.አ. ከ1979 ጀምሮ የቀድሞ ወታደሮችን በነጻ የሚያማክሩ ማዕከላት ናቸው። ስልክ ቁጥር ሰጥቼ አልሸኝም፤ አብሬው ተቀምጬ እንደውላለን። ምስጢር የምጠብቀው እስከ የት እንደሆነም ገና በመጀመሪያው ቀን እነግረዋለሁ። ራሱን ስለማጥፋት አስቦ እንደሆነም በግልጽ እጠይቃለሁ። መጠየቅ ሐሳቡን አያመጣበትም።

ከእኛም ልጆች በአሜሪካ ጦር ያገለገሉ አሉ። ቤተሰብ «ተመስገን፣ በሰላም ገባህ» ይልና ወሬው በዚያው ያልቃል። ልጃችሁ ከሰው ከራቀ አጠገቡ ሁኑ። ነገሩ ከበረታ የቀድሞ ወታደሮች የአስቸኳይ እርዳታ መስመር አለ፤ 988 ደውሎ 1ን መጫን ነው፤ ሌሊትም ቢሆን ያነሳሉ።