ክዳኑን ከመፍታቴ በፊት፦ የድሮ የጥገና ካርዶች ምን እያስተማሩኝ ነው

በሆስፒታል ባዮሜዲካል ክፍል ለምትሠሩ ባልደረቦቼ፣ ሰሞኑን የያዝኩትን ነገር ላካፍላችሁ። የተበላሸ ማሽን ሲመጣልኝ ካቻቢቴ ከማንሳቴ በፊት ፋይሉን አውጥቼ ማንበብ ጀምሬያለሁ። የድሮ ካርድ፣ የጥገና መጠየቂያ ቅጽ፣ ሜሚስ (የሕክምና መሣሪያዎች መረጃ የሚመዘገብበት የኮምፒውተር ሥርዓት) ላይ የገባ ሥራ፣ የተገኘውን ሁሉ። እንዲህ መደረግ እንዳለበት ሁላችንም ተምረናል። ግን ወረፋው ሲበዛና ከዋርድ ስልክ ሲደጋገም ማን ፋይል ይፈልጋል? እኔን ወደ ፋይሉ የመለሰኝ አንድ የኦክስጅን ኮንሰንትሬተር፣ ማለትም ከአየር ላይ ኦክስጅን ለይቶ ለታካሚ የሚሰጥ ማሽን ነው።

ማሽኑ የተለመደው፣ በደቂቃ እስከ 5 ሊትር የሚሰጠው ነው። ቅሬታው ሁልጊዜ አንድ ነው፤ «ቢጫ መብራት ያበራል፣ ይጮኻል።» ካርዱ ላይ ያለው መልስም አንድ ነው፤ «ፊልተር ታጥቧል፣ ተሞክሯል፣ ይሠራል።» ይሄዳል፣ ከጥቂት ጊዜ በኋላ ደግሞ ይመጣል። ካርዶቹን በቀን ተራ ጠረጴዛ ላይ ስደረድራቸው ዓይኔን የሳበው የላኪው ክፍል ስም ነበር። ማሽኑ በጨቅላ ሕፃናት ክፍልና በአዋቂዎች ዋርድ መካከል ይመላለሳል። ቅሬታው ግን አንድም ጊዜ ከጨቅላ ሕፃናት ክፍል መጥቶ አያውቅም።

ለጨቅላ ሕፃን የሚከፈተው ፍሰት ትንሽ ነው፤ ግማሽ ሊትር፣ አንድ ሊትር። ለአዋቂ እስከ 5 ይደርሳል። ኮንሰንትሬተር አየሩን ጨምቆ ዚዮላይት በሚባል ማዕድን ውስጥ ያሳልፋል፤ ዚዮላይቱ ናይትሮጅኑን ይይዛል፣ ኦክስጅኑ ያልፋል። ግፊቱ ትንሽ ቢጎድል በዝቅተኛ ፍሰት ላይ አይታወቅም። ጉዱ የሚወጣው ፍሰቱ ሲጨምር ነው። የሚወጣውን የኦክስጅን መጠን በአናላይዘር ለካሁት። 1 ሊትር ላይ 93 ከመቶ ሰጠኝ፤ ምንም እንከን የለውም። 5 ላይ አድርጌ ጠበቅሁ። ቀስ እያለ ወርዶ ከ82 በታች ገባ። ለካ ማሽኑ የሚጮኸው በቂ ምክንያት ኖሮት ነው። ካርዶቹ ላይ «ተሞክሯል» ይላል፤ በስንት ሊትር እንደተሞከረ ግን የትም አልተጻፈም።

እዚህ ላይ ዚዮላይቱ አልቋል ብሎ መፈረም ቀላል ነበር። አዲስ እስኪገዛ ግን ማሽኑ ጥግ ይዞ ይቀመጣል። አሁንም የደረሰልን ካርድ ነው። ከእኔ በፊት የነበረ አንድ ባለሙያ፣ እግዜር ይስጠው፣ የሰዓት ቆጣሪውን ንባብ ጽፎት ነበር። ከዛሬው ጋር ሳስተያየው ማሽኑ ገና ብዙ እንዳልሠራ ገባኝ። እርጥበት ካልገባበት በቀር ዚዮላይቱ በዚህ ዕድሜው አያልቅም። ስለዚህ መጀመሪያ የሳሙና ውሃ በጥብጬ መገጣጠሚያዎቹን በብሩሽ ቀባሁ። ከኮምፕሬሰሩ የሚወጣው ቱቦ አንገት ላይ ጥቃቅን አረፋ መፍላት ጀመረ። ቱቦው ከማሰሪያው ሥር ሰንጠቅ ብሏል። የተሰነጠቀውን ቆርጬ በአዲስ ማሰሪያ አጠበቅሁት። 5 ሊትር ላይ ረዘም ላለ ጊዜ አስነስቼ ስለካው 92 ላይ ጸንቶ ቆመ።

ከዚያ ወዲህ «ተጠግኗል» የሚለውን ቃል ብቻውን አልጽፍም። ሲስተሯ የነገረችኝን እንዳለ፣ በራሷ አነጋገር አሰፍራለሁ። ማሽኑ ሲበላሽ የት ክፍል፣ ስንተኛው አልጋ አጠገብ፣ በምን ያህል ፍሰት ወይም ሙቀት ላይ እንደነበር እጠይቃለሁ። ከጥገናው በፊት የለካሁትንና በኋላ የለካሁትን ጎን ለጎን እጽፋለሁ። ያገኘሁትን ብልሽትና የሠራሁትን ሥራ ደግሞ ለየብቻ። «ፊልተር ታጥቧል» ማለት የተሠራውን ይናገራል እንጂ ምን ተበላሽቶ እንደነበር አይነግረንም። ለሚቀጥለው ባለሙያ የሚጠቅመው ይሄ ልዩነት ነው።

ካርዶቹን ወደ ኤክሴል ስገለብጥ ትልቁ ራስ ምታት ቀን ሆነ። ግማሹ በእኛ አቆጣጠር፣ ግማሹ በፈረንጅ ነው የተጻፈው። «3/5/2012» ጥር 3 ይሁን ሜይ 3 በምን ይታወቃል? ጳጉሜን ደግሞ 13ኛ ወር ስለሆነች ኤክሴል ወይ አይቀበላትም ወይ ገልብጦ ሌላ ቀን ያደርጋታል። መፍትሔዬ በእኛ አቆጣጠር ዓመት፣ ወር፣ ቀን ብዬ፣ ወርና ቀኑን ሁልጊዜ በሁለት አሃዝ (5ን 05 እያልኩ)፣ እንደ ጽሑፍ ማስገባት ነው። እንዲህ ሲሆን በተራ ይደረደራል። የማሽኑን ስም ሁሉም በየፊናው ስለሚጽፈው መለያዬን ሲሪያል ቁጥሩን ብቻ አድርጌያለሁ።

ያልጠበቅሁት ሀብት የተገኘው «ችግር አልተገኘበትም» ከሚሉት መስመሮች ነው። ብዙዎቻችን እነዚህን አንቆጥራቸውም፤ ነርሶቹ አጠቃቀም ስላልቻሉ ነው ብለን እናልፋለን። እኔ ለብቻቸው አውጥቼ በማሽን ሳይሆን በአልጋ ደረደርኳቸው። ሰክሽን ማሽን (ፈሳሽ መሳቢያ)፣ ሞኒተር፣ ኢንፊውዥን ፓምፕ፤ ሁሉም ከአንድ አልጋ የመጡ ናቸው። ወርክሾፕ ውስጥ ደግሞ ሁሉም ይሠራሉ። ሄጄ የግድግዳውን ሶኬት በቴስተር ለካሁ፤ ባዶውን 220 ይላል። ሰክሽኑን ሰክቼ ሳስነሳው ቮልቴጁ ክፉኛ ወረደ። ኤሌክትሪሻኑ ሲፈታው አንዱ ሽቦ ላልቶ ጫፉ ጠቁሯል። ነርሶቹ ያሉት ሁሉ እውነት ነበር። እነሱን ጥፋተኛ ማድረጋችንን እንድናቆም በጣም እፈልጋለሁ።

መዝገብ ግን ያሳስታልም። አንድ አውቶክሌቭ (ዕቃ በእንፋሎት የሚያመክን ማሽን) ካርዱ በሙሉ «ሂተር ተቀይሯል» ነው የሚለው። «አይሞቅም» ተብሎ ሲመጣ እጄ ወደ ሂተሩ ቢሄድ አይገርምም ነበር። በኦም ስለካው ሂተሩ ደህና ነው፤ የተቃጠለው ወደ ሂተሩ ኤሌክትሪክ የሚያበራና የሚያጠፋው የኮንታክተሩ መንካኪያ ነው። ካርዱ የት እንደምጀምር ይጠቁመኛል፤ የሚወስነው ግን ልኬቱ ነው። ሂተሩ ለምን በየጊዜው ይቃጠል እንደነበር ማንም አልጻፈም። ውስጡ የተጋገረውን ነጭ የኖራ ዝቃጭ ሳይ ግን ውሃውን ጠረጠርኩ። አሁን የተጣራ ውሃ ብቻ እንዲጠቀሙ ተነጋግረናል።

ይህን ሥራ የሚያበረታ አንድ ጥናት አለ። እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመ ሲሆን፣ አቅማቸው ውስን ከሆነ 60 ሆስፒታሎች የተሰበሰቡ 2,849 የጥገና ጥያቄዎችን መርምሯል። ሥራ ካቆሙት መሣሪያዎች 66 ከመቶውን ለመመለስ 107 መሠረታዊ ክህሎቶች በቂ ሆነው ተገኝተዋል። ኤሌክትሪክ፣ ቧንቧ፣ ሞተር፣ የተጠቃሚ ሥልጠናና የመሳሰሉት ናቸው። ይህ ሁሉ የተገኘው የጥገና ጥያቄዎችን ሰብስቦ በማንበብ ነው። እኛስ መደርደሪያው ላይ ስንት አለን?

አሁን የደረስኩት የሞኒተር የኦክስጅን መለኪያ ገመዶች ላይ ነው። ቶሎ ቶሎ ይበጠሳሉ። በጣት መያዣው በኩል ነው ወይስ በመሰኪያው በኩል የሚለውን ከድሮ ካርዶች ማወቅ አልቻልኩም፤ «ገመድ ተቀይሯል» ብቻ ነው የሚሉት። ስለዚህ የተበጠሰበትን ቦታ ራሴ መመዝገብ ጀምሬያለሁ። በእናንተ ሆስፒታል ይህን ለይቶ የጻፈ ካለ የታካሚ ስም ሳይኖርበት ያካፍለኝ፤ ከእኔው ጋር አስተያይቼ ውጤቱን እመልስላችኋለሁ።