ጓሳ ላይ፣ ስለማይበር ወፍ

ከደብረ ብርሃን እስከ መሐል ሜዳ ያለውን መንገድ አላወራም፤ ከጣርማ በር በኋላ ከጭጋግ በቀር ያየሁት የለም። የማወራው ስለ አልጋው ነው። በስልክ 600 ብር የተባልኩት ክፍል ስደርስ 900 ሆኖ ጠበቀኝ። ምክንያቱን ብጠይቅ «ዛሬ እንግዳ በዝቷል» ተባልኩ። ጠዋት በረንዳው ላይ ያደረው ጫማ ግን የእኔ ብቻ ነበር።

የሐዋሳ ልጅ ነኝ፤ ብርድ ማለት የሐይቁ የማለዳ ነፋስ ይመስለኝ ነበር። እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ ስለ ግሬት ኦክ ሳነብ አደርኩ። በሰሜን አትላንቲክ የኖረ፣ ፔንግዊን የሚመስል፣ መብረር የማይችል ወፍ ነው። ሴቷ በዓመት የምትጥለው አንድ እንቁላል ብቻ ነበር። ለሥጋው፣ ለስቡና ለላባው ሲታደን ኖሮ፣ በ1844 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር አይስላንድ አጠገብ በምትገኘው ኤልዴይ ደሴት የመጨረሻዎቹን ጥንዶች አንቀው ገደሏቸው። አሁን ደግሞ በሙዚየም ከቀረው ቅሪት ዘረመሉን አንብቦ፣ የቅርብ ዘመዱን፣ ራዞርቢል የተባለውን የባሕር ወፍ ህዋስ በዚያው ልክ አርሞ፣ ወፉን ወደ ባሕሩ የመመለስ ሐሳብ አለ።

በማግስቱ ጓሳ በተባለው የመንዝ ጥብቅ የሣር ደጋ ላይ ያገኘኋቸው ጠባቂ ባና የተከናነቡ ሽማግሌ ናቸው። ከኪሳቸው የገብስ ቆሎ ዘገኑልኝ። ጭላዳዎቹ ከእኛ አሥር እርምጃ ርቀው፣ ዳዴ እያሉ ሣር ይነጫሉ፤ ቀና ብሎ ያየን እንኳ የለም። የወፉን ታሪክ ነገርኳቸው።

«እሺ ተነሣ እንበል፤ ማን ይጠብቀዋል?» አሉኝ።

«መንግሥት» አልኩ ሳላስብ።

ሳቁ። «ልጄ፣ ይኼን ጓሳ ያቆየው ቄሮ የሚባለው የአባቶች የሣር አጠባበቅ ደንብ ነው። ሣሩ ለዓመታት ይዘጋ ነበር፤ ሁሉም ተስማምቶ ሲከፈት ይታጨድ ነበር። ቀድሞ ያጨደ ሰው አዲሱ የቤቱ የሣር ክዳን ያሳብቅበት ነበር፤ ቤቱ ይቃጠል ነበር ሲሉ ሰምቻለሁ። የዚያ አገር ዓሣ አጥማጆችስ ተጠይቀዋል?»

ስልኬን አወጣሁ፤ ኔትወርክ የለም። እርሳቸው በዱላቸው ወዲያ ማዶ ጠቆሙኝ። ቀይ ቀበሮ አንገቱን አቀርቅሮ አይጥ ያደባል። ዘለለ፣ ሳተ፣ ተራገፈና መንገዱን ቀጠለ።

ስንወርድ ጥርሴ ሲንገጫገጭ ሰምተው ባናቸውን ትከሻዬ ላይ ጣሉልኝ። ከታች ስመልስላቸው 300 ብር ላስጨብጣቸው ብሞክር ተቆጡኝ።