«ድንቅ ላይ ጠብቁኝ»

እንኳን ለብርሃነ ልደቱ አደረሳችሁ። ባሕር ዳር ያላችሁ፣ ዳንግላ፣ ቡሬ፣ ፍኖተ ሰላም፣ ደብረ ማርቆስ፣ ሞጣ ያላችሁ፣ ከአገር ርቃችሁ በስልክ ብቻ የምንገናኝ ሁሉ፣ እንኳን አብሮ አደረሰን።

በየዓመቱ ለገና አጭር ነገር እጽፍላችኋለሁ። ዘንድሮ ረዘም ይላል። ባለፈው ቅዳሜ ያሳለፍነውን ሳልነግራችሁ በዓሉን መዋል አልቻልኩም።

እዚህ ባሕር ዳር ሙዚቃ የምንወድ ጥቂት ሰዎች የሙዚቃ ደራሲው ሃንደል ስለ ክርስቶስ የጻፈውን ረጅም የኳየር ዝማሬ፣ «መሲሕ»ን፣ አብረን እንዘምር ተባባልን። ሙሉውን አይደለም፤ ሙሉው ከሁለት ሰዓት በላይ ይወስዳል። ከመጀመሪያው ክፍል «ሕፃን ተወልዶልናልና» የሚለውን፣ ከሁለተኛው ክፍል ማብቂያ ደግሞ ብዙ ሰው የሚያውቀውን «ሃሌ ሉያ»ን መረጥን። ተመልካች የለም፤ የመጣ ሁሉ ይዘምራል። ኖታ የሚያነብም የማያነብም ይምጣ አልን። 30 ሰው ጠብቀን 60 ገደማ መጣ። ከየቤተ ክርስቲያኑ ኳየር የመጡ ነበሩ፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ነበሩ፣ ልጆቻቸውን ይዘው የመጡ እናቶችም ነበሩ።

ኪቦርድ የሚጫወትልን ወንድማችን ከደብረ ማርቆስ ነበር የሚመጣው። ጠዋት ደወለ። መንገዱ ተዘግቷል። ዓመቱን ሙሉ ሲዘጋ ሲከፈት የከረመ መንገድ ነውና ማንም አልተገረመም፤ ግን ሁላችንም ዝም አልን። ኪቦርዱን አንድ ተማሪ ልሞክር ብሎ ተቀመጠ። ሁለት መስመር ሳይሄድ መብራት ጠፋ። ኖታው 25 ቅጂ ብቻ ነበር። እሱም ፎቶ ኮፒ ሲደረግ ገጾቹ ተዘበራርቀዋል፤ 9ኛው ገጽ ከ7ኛው ይቀድማል። ደግሞ ግማሹ ሰው በእንግሊዝኛ፣ ግማሹ በአማርኛ ነው የሚዘምረው። ከመምሸቱ በፊት ሁሉም ቤቱ መግባት ስላለበት ደግሞ ሰዓት የለንም።

ዝማሬውን ለማታውቁት ትንሽ ላስረዳ። «ሕፃን ተወልዶልናልና» ላይ አራቱ ድምፆች አብረው አይነሱም። ሶፕራኖ፣ ከፍተኛው የሴቶች ድምፅ፣ ብቻዋን ትጀምራለች። ቴነር፣ ከፍተኛው የወንዶች ድምፅ፣ ይከተላል። ከዚያ ዝቅ ያሉት፣ የሴቶቹ አልቶና የወንዶቹ ባስ፣ ይገባሉ። እያንዳንዱ «ተወለደ» የሚለውን ቃል ይዞ ረጅም መንገድ ይሄዳል፣ ይወጣል፣ ይወርዳል። አንዱ ሲወጣ ሌላው ይወርዳል። በዚህ መሃል መጥፋት ቀላል ነው። በድንገት ግን አራቱም አንድ ቦታ ላይ ይገናኛሉ። «ድንቅ! መካር!» ይላሉ በአንድ አፍ። ከኢሳይያስ ትንቢት ነው፣ «ስሙም ድንቅ መካር፥ ኃያል አምላክ፥ የዘላለም አባት፥ የሰላም አለቃ ተብሎ ይጠራል» የሚለው።

መጀመሪያ ስንሞክር እዚያ ሳንደርስ ተበተንን። ሁለተኛው ሙከራ ባሰ። እኛ ባሶች የምንገባበት ጠፍቶን ሶፕራኖዎችን ተከትለን ወጣን፣ ጉሮሯችን እስኪዘጋ። ከኋላ ሁለት ሦስት ሰው ተነስቶ መሄድ ጀመረ።

ያን ጊዜ ከአልቶዎቹ መሃል አንዲት ሴት ተነሳች። ነርስ ናት። ሌሊቱን ተረኛ አድራ ሳትተኛ ነው የመጣችው። አዲስ አበባ ተማሪ እያለች ይህን ዝማሬ በኳየር ዘምራዋለች። ኖታውን አስቀመጠችና መሃል ላይ ቆመች። የአራቱንም ድምፅ መግቢያ በየተራ እየዞረች ዘመረችልን። ለእኛ ለባሶች ድምጿን ወፈር አድርጋ ሦስት ጊዜ ደገመችልን። አንዱ ወጣት፣ «እታለም፣ መሃል ላይ ከጠፋንስ?» አላት።

«የጠፋችሁ ዝም በሉ። አትቸኩሉ። ድንቅ ላይ ጠብቁኝ» አለች።

ሦስተኛውን ያለ ኪቦርድ፣ በሞባይል መብራት ኖታ እያየን ጀመርን። ሶፕራኖ ገባች። ቴነር ገባ። እኔ ከስድስተኛው መስመር በኋላ ጠፋሁ፤ ዝም አልኩና የጎረቤቴን ትንፋሽ አዳመጥኩ። ግማሹ ክፍል እንደኔ ዝም ብሏል። የሚዘምሩት 20 አይሆኑም። ከዚያ እጇን አነሳች። «ድንቅ!» ስንል 60ውም ሰው ነበር። ሕፃናቱ ሳይቀሩ። የጣሪያው ቆርቆሮ ሲርገበገብ ሰማሁት። እንባዬ መጣ፤ አልደብቃችሁም።

ልጅ ሆኜ በገጠር ደብራችን የገና ማኅሌት ላይ እንዲሁ ነበርኩ። መሪጌቶቹ ዜማውን ከቀኝ ወደ ግራ ሲቀባበሉት አልከተላቸውም ነበር። ግዕዙም ዜማውም ከእኔ በላይ ነው። ግን ከበሮው እየፈጠነ መጥቶ ጽፋቱ ሲደርስ፣ ማንም ሳይጠራኝ አጨብጭቤ እገባ ነበር። ከኋላ የቆሙት እናቶችም እልል እያሉ ይገባሉ። የቅዱስ ያሬድ ዜማ ለእኔ ቢጤም በር አለው። ከሃንደል ጋር ያዛመደኝ ይህ ይመስለኛል።

ሃንደል ራሱ መንገድ ላይ ተይዞ ያውቃል። «መሲሕ»ን በ1741 እ.ኤ.አ. በ24 ቀን ጽፎ ወደ አየርላንዷ ደብሊን ሲጓዝ ነፋሱ እንቢ አለውና መርከቧ ሳትነሳ በእንግሊዟ ቼስተር ከተማ ቆየ። ሥራውን ልሞክረው ብሎ የከተማውን ዘማሪዎች ሰበሰበ። የሙዚቃ ታሪክ ጸሐፊው ቻርልስ በርኒ ያኔ እዚያው ከተማ ተማሪ ነበር። እሱ እንደጻፈው «በእርሱም ቍስል እኛ ተፈወስን» የሚለው ላይ ባስ የሚዘምረው አታሚ ደጋግሞ ተሳሳተ። ሃንደል ተቆጣ፤ ኖታ አይቼ እዘምራለሁ አላልክም ወይ አለው። ሰውየው፣ «አዎ ጌታዬ፣ አይቼ እዘምራለሁ፤ ግን መጀመሪያ እንዳየሁት አይደለም» አለ። ይህን ለባሶቹ ስነግራቸው ትከሻቸው ቀለል ሲላቸው አየሁ።

ከጥቂት ወራት በኋላ፣ በ1742 የሕማማት ማክሰኞ፣ ደብሊን ላይ ተዘመረ። ብዙ ሰው እንዲገባ ሴቶች ቀሚሳቸውን ከሥር የሚያሰፋውን ቀለበት፣ ወንዶች ሰይፋቸውን ቤት ትተው እንዲመጡ ተለመኑ። ከገቢው በዕዳ የታሰሩ 142 ሰዎች ተፈቱ። ዝማሬውን ባሰብኩ ቁጥር እነሱ ይታዩኛል፤ በዚያ ፋሲካ ቤታቸው ሲገቡ።

እኛ ጾም ላይ ስለነበርን ቆሎ ቆርጥመን ሻይ ጠጥተን ተለያየን። «ሃሌ ሉያ»ን አንድ ጊዜ ብቻ ዘመርነው፤ ሊመሽ ነበር።

ሦስተኛውን ስንዘምር የአንዱ ስልክ ክፍት ነበር። የደብረ ማርቆሱ ወንድማችን በስፒከር ሲያዳምጥ ነበር። ስንጨርስ ለጥቂት ጊዜ ድምፁ ጠፋ። መስመሩ የተቆረጠ መስሎን፣ «አለህ?» አልነው።

«አለሁ» አለ። «ባሶቹ ቸኩላችኋል። ለፋሲካ እመጣለሁ፤ ድንቅ ላይ ጠብቁኝ።»

ከፋሲካ በኋላ ያለውን ቅዳሜ ቆርጠናል። ዘንድሮ ቤታችሁ መግባት ያልቻላችሁ፣ ብቻችሁን ቡና ያፈላችሁ፣ ሐዘን ላይ ሆናችሁ በዓሉ የመጣባችሁ፣ ኑ። ኖታው በ80 ቅጂ ይታተማል። ገጹን እኔ ራሴ እቆጥራለሁ።

መልካም ገና።